ከነጠላ ጫፍ የወደቀው ባልጩት

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
መስከረም 29 ቀን 1988 ዓ.ም.
(ፈረንጆቹ ግን ኦክቶበር 10, 1995 ነው ብለው ድርቅ ብለዋል)

ለተከበሩ ወይዘሮ ከድሪያ
ሐይቅ ከተማ፣ ወሎ

ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ቆመው ከሆነ ይቀመጡ። ተቀምጠው ከሆነ ግድግዳ ይደገፉ። ውሃም ከአጠገብዎ አይጥፋ። በጥልቅ ሐዘን የማሳውቅዎ ከባድ ዜና አለኝ፤ አንድ ሰው ሞቷል።

ሰውየው የሞተው ከስምንት ሺህ ዓመት በፊት ነው።

አሰላሙ አለይኩም እቴቴ! በይ ተነሺ፣ እኔ ነኝ። ፈዋዝ፣ የወንድምሽ ልጅ፣ አሳድገሽ አሳድገሽ ሰው ማድረግ ያቃተሽ። ሟቹን አላውቀውም፤ ቢላዋው ግን እጄ ገብቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። አብሮኝ የሚኖረው ደረሰ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል፣ እሱ ሲጾም እኔ ሥጋ ስጠብስ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። እሑድ ሁለታችንም ኦፍ ስለነበርን በሱ መኪና ወደ ሰሜን ድራይቭ አድርገን ዱሉዝ የሚባል ከተማ ገባን። እዚያ አንድ ሐይቅ አለ። ሐይቅ ይሉታል እንጂ ማዶው አይታይም፤ መርከብ ይሄድበታል፤ ማዕበሉ ይጮኻል። አገሩ ሐይቅ በሐይቅ ነው። የመኪናቸው ታርጋ ላይ ሳይቀር “አሥር ሺህ ሐይቅ” ተብሎ ተጽፏል። እኛ አንድ ይዘን ከተማውን በሙሉ ሐይቅ ብለን ስንኮራ ኖርን፤ አያሳፍርም?

ዳርቻው ድንጋይ ብቻ ነው። እየሄድኩ ጎንበስ ስል ይህ በመልእክተኛዋ እጅ የደረሰሽ ባልጩት ውልብ አለብኝ። የጥንት ሰው ጠርቦ የሠራው ነው። መልኩ ማር ነው፤ ጫፉ ሹል፤ ከታች ግራና ቀኝ ጎረድ ጎረድ ተደርጓል፤ በጅማት እንጨት ላይ የሚታሰርበት ነው። እዚያው ከተማ ሙዚየም ውስጥ የዚህን ወንድም በመስታወት ሥር አስተኝተው ስምንት ሺህ ዓመት ብለውበታል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ተገፍቼ የወጣሁት ሰው ምን ብዬ እከራከራለሁ?

አንሥቼ ኪሴ ስከተው የኛ ሐይቅ ዳር ትዝ አለኝ። አንቺ ልብስ ስታጥቢ እኔ ካጠገብሽ ድንጋይ እየወረወርኩ ውሃ ሳስረጭሽ፣ አንቺ ስትራገሚ፣ ግን ስትስቂ። ስለዚህ ላንቺ ይሁን አልኩ። ደሴ ለምትሄደው ሴት እስክሰጣት ድረስ በመዳፌ ይዤው ነበር፤ ሳይቀዘቅዝ ከደረሰሽ ሙቀቱ የኔ ነው።

መቼ ትመጣለህ ላልሽው፣ ወረቀቱ አለቀብኝ።

ፈዋዝ

* * *

ሐይቅ
ኅዳር 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈዋዝ

ለእኔ በሰላም ያነጋልኝ አላህ ለአንተም በሰው አገር ያንጋልህ። ከብርዱም፣ ከክፉ ሰውም፣ ከገዛ ምላስህም ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጎረቤቱም ደህና ነው። ሁሉም ግን ተቀይሞሃል።

መነጽሬ ተሰብሮ ስለነበር ደብዳቤህን ጎረቤታችን የሺሀረግ ታንብብልኝ ብዬ ሰጠኋት። “አንድ ሰው ሞቷል” የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ጣለችና ኡኡ አለች። አንተ ሴትዮዋን ታውቃታለህ፤ ስትጮኽ ገበያ ይበተናል። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ምንጣፍ ተሸክመው ገቡ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብያለሁ። ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅሁም። ካንተ ሌላ ከዚያ አገር የሚሞትብኝ ማን አለኝ?

በኋላ አንዱ ጎረቤት ወረቀቱን አንሥቶ “ቆይ፣ ቆይ! ከስምንት ሺህ ዓመት በፊት ነው የሚለው” አለ። የሺሀረግ አፍራ ከማጀት ገብታ ቀረች። ሰው ለቅሶ መጥቶ ደግሞ ባዶ አፉን አይሸኝም። ለማላውቀው የፈረንጅ ሙት ቆሎ ቆላሁ። ሽማግሌዎቹ ከመጡ አይቀር ብለው ዱዓ አድርገውለት ሄዱ።

አንተ ቀልማዳ፣ መርዶ መጫወቻ አይደለም። ዳግም እንዳትሞክራት።

ባልጩቱን ወድጄዋለሁ። አንተ ከውሃ ዳር ጎንበስ ብለህ፣ በገዛ ጣትህ ያነሣኸው ነው ብዬ ሳስብ ጀርባህ ታየኝ። ስታጎነብስ እንደ አባትህ አንድ እጅህን ወገብህ ላይ ታደርግ ነበር፤ አሁንም እንደዚያ ነህ? በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ። የትም ስሄድ አብሮኝ ነው።

አንድ ወሬ አለ። ድንጋይ የሚያጠኑ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ መጥተዋል። አለቃቸው ዮሐና የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ እንደ ሐኪም ትናገራለች። ከሐይቁ ዳር ጭቃ ውስጥ የጥንት ሰው የጠረበውን ባልጩት ይለቅማሉ፤ እኔና የሺሀረግ በገንዳ እናጥባለን። ከታጠበ በኋላ በወንፊት ላይ ይደርቅና እያንዳንዱ በቀለም ቁጥር ይጻፍበታል። ሳቅህን ያዝ! አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ዝም ብሎብኝ ነበር፤ ገንዳው ዙሪያ ሰው አለ፣ ወሬ አለ። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። አንዲት ድንጋይ ወደ ቤቱ የወሰደ በማግስቱ እንዳይመጣ ተብሏል።

ውሃው ጣት ያደርቃል። ጓንት ላክልኝ።

ወረቀት አለቀብኝ ያልከው ግማሹ ገጽ ባዶ ነው። ለረመዳን ትመጣለህ?

አክስትህ ከድሪያ

* * *

ሴንት ፖል
ጃንዋሪ 14, 1996

ለድንጋይ አጣቢዎች ሁሉ አለቃ፣ ለእቴቴ ከድሪያ

ሰላምታዬ በረዶውን ቆፍሮ፣ ውቅያኖሱን ዋኝቶ፣ ከደሴ አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥሎ ይድረስሽ። መርዶውን አውፍ በይኝ፣ ወላሂ አልደግመውም። ሟቹ ግን ቆሎው እንደደረሰው በሕልሜ ነግሮኛል፤ ትንሽ አርሮበታል ብሏል።

ድንጋይ አጣቢ ሆንሽ? ለምን እንደጠሩሽ ገብቶኛል። እኔን ያጠበች ሴት ምን ያቅታታል? ተረከዜን በሻካራ ድንጋይ ስትፈትጊ ቆዳዬ አልቆ አጥንቴ ላይ ቁጥር ሊጻፍ ትንሽ ነበር የቀረው። ለዮሐና ንገሪያት፣ አንዱ ባልጩት በጣም ስትፈትጊው ኡኡ ካለ የኔ ዘመድ ነው።

ጓንቱን ልኬያለሁ። እዚህ ካለው ሁሉ ወፍራሙ ነው።

የኔን ሥራ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ፣ በቀልድ ነበር የመለስኩልሽ። መሀል ሚኒያፖሊስ አንድ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ መውጫው ላይ ባለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብዬ ሒሳብ እቀበላለሁ። መኪናው ይመጣል፤ መስኮቱ ስንጥቅ ታህል ዝቅ ይላል፤ እጅ ይወጣል፤ እጅ ይገባል፤ መስኮቱ ይዘጋል። በዚህ ብርድ ፊቱን የሚያሳየኝ የለም። ሺፍቴን ሙሉ የማየው እጅ ብቻ ነው። ቀለበት ያለው እጅ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ጥፍሩን የነከሰ እጅ። ፊት ናፈቀኝ፣ እቴቴ። የሚቆጣ ፊት ቢሆንም ግድ የለኝም።

ስለ ረመዳን፣ አዎ፣ እዚህም ይገባል አሉ። እኔ የምለው፣ ጓንቱ ልክሽ ይሆን?

ፈዋዝ

* * *

ሐይቅ
የካቲት 28 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለፈዋዝ

አላህ ጾምህን ይቀበልልህ፣ ኢድህንም የደስታ ያድርግልህ። ዘግይቼ የጻፍኩት ብዕር ማንሣት ፈርቼ ነው።

ባልጩትህ ጠፋብኝ። ጠፋብኝ ልበል እንጂ ያለበትን አውቃለሁ። የባሰው ይኸው ነው።

ገንዳው ላይ ጎንበስ ብዬ ሳጥብ የነጠላዬ ጫፍ ውሃ ነክቶት ኖሮ ቋጠሮው ላልቷል። ቤት ገብቼ ስዳብሰው ባዶ ነው። በማግስቱ ሮጥ ብዬ ብሄድ ከሌሎቹ ጋር ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቁጥር ተጽፎበት አገኘሁት። ያጠብኩትም እኔው ነኝ መሰለኝ! ተማሪዎቹ ሁሉ ከበውታል። የኛ አገር ባልጩት ጥቁር ነው፤ ያንተው ማር የመሰለ፣ ከታች የተጎረደ። አንደኛው ልጅ “እንዲህ ያለ በዚህ አገር ታይቶም አይታወቅ” ይላል። ፎቶ አነሡት። ሌላው በካርቶን ተቆልሎ ያንተን ብቻ ጥጥ ላይ አስተኙት።

የሺሀረግ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ “ያንቺ አይደለም እንዴ?” አለች በጆሮዬ።

“ዝም በይ!” አልኳት።

“ለሟቹ አለቀስኩ እኮ፣ የድንጋዩን መልክ እንዴት ልርሳው?”

ምን ላድርግ? “የኔ ነው” ብል፣ ድንጋይ ወደ ቤቷ ስታመላልስ ኖራለች ይሉኛል። አሜሪካ ያለ ልጅ ላከልኝ ብል ማን ያምነኛል? ለሰው ከአሜሪካ ልብስ ይላካል እንጂ ድንጋይ ይላካል? ከዚያ ገንዳ ከተባረርኩ ደግሞ ተመልሼ ከግድግዳ ጋር ነኝ። ዝም ካልኩ ያንተ ድንጋይ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያ ማን እንዳነሣው፣ ለማን እንዳነሣው የሚያውቅ የለም። ሲሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ለዓረፋ ሰሞን ጨርሰው ይወጣሉ ተብሏል።

ሥራ ላይ ሆኜ እጄ ሳላዝዘው ወደ ነጠላዬ ጫፍ ይሄዳል፤ ሲያጣው ይመለሳል።

ጓንትህ ደረሰኝ። ጣት የለውም፣ ውስጡ ጸጉር ነው፤ ውሃ ሲጠጣ እንደ በግ ይከብዳል። ድስት አወርድበታለሁ።

ምንም አትላክልኝ። የምትለኝን ቶሎ በለኝ።

ከድሪያ

* * *

ሴንት ፖል
ኤፕሪል 2, 1996

እቴቴ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ ልብሽን ያረጋጋልኝ። ዛሬ የቀልድ ማስታወቂያ የለም።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ አልዋሽሽም። ሟቹ ከዱሉዝ ተነሥቶ፣ ሐይቅ ገብቶ፣ ጥጥ ላይ ተኛ! ለደረሰ ሳነብለት እሱም ሳቀ። ከዚያ “ለዓረፋ ሰሞን ይዘውት ይወጣሉ” የሚለው ላይ ስደርስ ደረሰ መሳቁን አቁሞ “ንገራታ” አለኝ።

“ምኑን?”

“ምኑን ትለኛለህ? ዛሬውኑ ጻፍላት!”

እቴቴ፣ ድንጋዩን ከመሬት አላነሣሁትም። ገዛሁት።

ከሙዚየሙ አጠገብ ፖስታ ካርድና ስኒ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ከሒሳብ መክፈያው ጎን በቅርጫት ሙሉ እንዲህ ያለ ባልጩት ተቀምጧል። ባለሱቋን ስጠይቃት በዚያው ሰፈር ያለ ጡረተኛ በጋራዡ ቁጭ ብሎ የሚጠርበው ነው አለችኝ። ስምንት ሺህ ዓመት ቀርቶ ስምንት ወር አልሞላውም። ሟቹም በሕይወት አለ።

ፈልጌ ነበር፣ ወላሂ። ከዳርቻው ወዲያና ወዲህ እያጎነበስኩ ፈልጌ ነበር። ንፋሱ ፊት ይልጣል። ደረሰ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሆርን እያደረገ “ና ግባ፣ ትሞታለህ!” ይለኛል። ድንጋዩ ሁሉ ክብ ነው፤ ሰው የነካው የለበትም። ባዶ እጄን ልመለስ አልቻልኩም። አንቺ ውሃ ዳር ሆነሽ ታስቢኛለሽ፤ እኔም ውሃ ዳር ሆኜ አንድ ነገር አግኝቼልሽ እንድመጣ ፈለግሁ። ከዚያ ስታምኚኝ ጊዜ፣ ጀርባዬን ሁሉ አየሁት ስትዪኝ ጊዜ፣ እንዴት ልመልሰው?

አሁን ሂጂና ለዮሐና ንገሪያት። የሱቅ ነው በያት። የሱቅ ዕቃ ይዞ የተገኘ የጥንት ድንጋይ ሰረቀ አይባልም። የተጎረደበትን ቦታ በደንብ ትይው፣ የመፍጫ ማሽን ዳና አለበት ሲል ደረሰ ተናግሯል፤ እሱ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው፣ ዛሬ ግን እውነቱን ይሁን ብዬ እየጸለይኩ ነው።

ደብዳቤው ካልደረሰስ ብዬ ፈራሁ። ፈጥኖ የሚሄደውን ቴምብር ለጥፌበታለሁ።

ፈዋዝ

* * *

ሐይቅ
ሚያዝያ 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈዋዝ

ላንተ ጤና፣ ለኔ ትዕግሥት ይስጠኝ። መልስህን ብጠብቅ አልመጣ አለ። ተማሪዎቹም ካርቶን ማሰር ጀመሩ። የሚታሰረው ካርቶን ውስጥ ያ ጥጥ ሲገባ ሳይ አላስችል አለኝ።

እጄ እንደረጠበ ሄጄ ዮሐና ፊት ቆምኩ።

“ልጄ፣ ያ ማር የሚመስለው የኔ ነው።”

“የትኛው፣ እማማ?”

“ጥጥ ላይ የተኛው።”

ያ “ታይቶም አይታወቅ” ያለው ልጅ በእጁ ወረቀት ይዞ ነበር፤ ስለዚሁ ድንጋይ ሲጽፍ የሰነበተው።

“የርስዎ ማለት? ከየት አገኙት?” አለች።

“ልጄ ከአሜሪካ ላከልኝ። በነጠላዬ ቋጥሬው ገንዳ ውስጥ ወደቀ።” ቋጠሮውን አሳየኋት። የታሰረበት ጨርቅ ተጨማዶ የባልጩቱን ቅርጽ እንደያዘ ነበር። “ሰርቃለች ካላችሁ ነገ አልመጣም። ድንጋዬን ግን ስጡኝ።”

ዮሐና ድንጋዩን አወጣችው። ከቋጠሮው ቅርጽ ላይ አስቀመጠችው፤ ልክክ አለ። ቀና ብላ አየችኝና ሳቋ አመለጣት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነው የሳቀችው። ተማሪዎቿም ተከተሏት። ያ ልጅ ብቻ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሲከት ጆሮው በርበሬ መሰለ። “እማማ ከድሪያ፣ በዚህ ድንጋይ የተነሣ ስንት ቀን ስንጨቃጨቅ ከረምን!” አለች። “ቀድመው ቢነግሩን ምን ነበረበት?” ከዚያ በገዛ እጇ ነጠላዬ ላይ ቋጠረችልኝ፤ ሁለት ጊዜ አጥብቃ። ለሚመጣው ዓመትም ገንዳው የኔ ነው ብላኛለች።

የጻፉበት ቁጥር አለበት። ባጥበው ይለቅ ነበር፤ አላጠብኩትም።

ሚያዝያ 25

ይህን ጽፌ ፖስታ ቤት የሚወስድልኝ ሳጣ ቆይቼ ያንተው መጣ። የሺሀረግ አነበበችልኝ። “ገዛሁት” የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ቋጠሮዬን ዳበስኩ።

ስማኝ። መሬት የወደቀ ነገር ማንንም እግሩን ይመታዋል፤ አንሥቶ ይሄዳል። አንተ ግን ቅርጫት ሙሉ አገላብጠህ፣ ይሄ አይሆንም፣ ያም አይሆንም ብለህ፣ ይህችን ለእቴቴ አልክ። የቱ ይበልጣል? ደግሞ ብርዱ ፊትህን እየላጠው ፈልገሃል። ጀርባህን አላየሁም አትበለኝ፤ አይቼዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ጠይቄህ ልጨርስ። ጓንት አይደለም፣ ድንጋይም አይደለም። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ወረቀት አለቀብኝ፣ ረመዳን እዚህም ይገባል፣ የሚል መልስ አልፈልግም። አዎ በለኝ ወይም አይ በለኝ። በዚያም በዚያም እችለዋለሁ።

አክስትህ ከድሪያ

* * *

ሴንት ፖል
ጁን 2, 1996

እቴቴ፣ አሰላሙ አለይኩም። ይህ ደብዳቤ እንደ እኔ ቀጥ ብሎ መቆም አያውቅም፤ ዛሬ ግን አስተምሬዋለሁ።

አይ።

በዚህ ዓመት አልመጣም። የሚቀጥለውንም አላውቅም። የጥገኝነት ማመልከቻዬ መልስ አላገኘም፤ መልሱ ሳይመጣ ከዚህ አገር ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። ጉዳዩን የያዘችልኝ ሴትዮ “ጠብቅ” ትለኛለች፤ ከዚያ ቃል ሌላ የምታውቅ አይመስለኝም። ይችን አይ ላለመጻፍ ነው ስንት ገጽ የዞርኩት። አሁን ስጽፋት ደግሞ ሁለት ፊደል ብቻ ሆና አገኘኋት።

ምክንያቱን ያልነገርኩሽ መጠበቅሽን እንዳትተዪ ፈርቼ ነው። ይመጣል ብለሽ ከጠበቅሽኝ የሆነ ቦታ ያለሁ ይመስለኛል።

እዚህ በረዶው ሄዷል። ሰዎቹ መስኮታቸውን እስከ ታች ያወርዱ ጀመር። ዛሬ አንዲት አሮጊት ፊቷን አውጥታ “ሞቀህ?” አለችኝ። “አዎ” አልኳት። ከኋላዋ መኪናዎች ተሰልፈው ክላክስ ሲያደርጉ ሁለታችንም ግድ አልሰጠንም። ዓይኗ ያንቺን አይመስልም፤ አቆጣጧ ግን ትንሽ፣ የኋለኛውን ሰው ዞር ብላ ስትገላምጠው።

የዮሐናን ሳቅ ስትጽፊልኝ አብሬያችሁ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ያልኩ መሰለኝ። የሺሀረግን ይቅርታ በይልኝ። ያንን ጆሮው በርበሬ የመሰለውን ልጅም።

እቴቴ፣ እንግዲህ ነገሩን በሙሉ ሰብስበን ስናየው ይህን ያህል አልነበረም። አንድ ጡረተኛ ጋራዡ ውስጥ የጠረበው ድንጋይ ከነጠላ ጫፍ ወደቀ፤ ታጠበ፤ ተመለሰ። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልተባረረም፤ በሁለት መስመር ይጻፍ ነበር። እኔ ነኝ ሟች አምጥቼ፣ ስምንት ሺህ ዓመት ጨምሬ ያገዘፍኩት። ለምን ብትዪ፣ ለትንሽ ወሬ ትንሽ መልስ ነው የምትጽፊልኝ።

ፈዋዝ